ከሚካኤል እስከ ሐና

እንግዳ፣ ነጋዴ፣ መንገድ፤ እነዚህ ሦስት ቃላት ነገደ ከሚለው ከአንዱ የግእዝ ግሥ የተወለዱ ወንድማማች መሆናቸውን የቅኔ ቤት ተማሪ ገና ግሥ ሲያወርድ ያውቀዋል፤ አራተኛይቱ እኅታቸው ንግደት ግን በአማርኛችን እምብዛም ስለማትነገር፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩት ከኤርትራውያን ጎረቤቶቼ አንደበት እስክሰማት ድረስ እኔም ዘንግቻት ኖሬአለሁ። በትግርኛ ንግደት ማለት ታቦተ ሕጉ በሚነግሥበት ዕለት ዘመድ አዝማድ ከሩቅም ከቅርብም ተጠራርቶ በአንድ ገበታ የሚውልበት የዓመት በዓል ነው። በቀድሞው ዘመን ሰው ከቀዬው የሚወጣው ወይ ሊሸጥ ሊለውጥ፣ ወይ ቅዱስ መካን ሊሳለም፣ አለዚያም ዘመድ ሊጠይቅ ስለ ነበረ፣ አባቶቻችን ለሦስቱም አንድ ግሥ በቃቸው፤ የዛሬው የመንግሥታት ሥርዓት በበኩሉ ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ከቶ ቱሪስት የሚል ስም ይሰጣቸዋል።

ጀሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በስሙ ከሚጠራው ተራራ ወዲህ የተዘረጋ ሰፈር ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ደርሶት ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት እየተባለ በቁጥር ከመጠራቱ በፊት የከተማው ዳርቻና የገበሬ እርሻ ነበረ። ዕጣ የደረሰው ሰው ሁሉ በቤቱ አልገባበትም፤ ብዙው ለባንኩ ዕዳ ሲል አከራየው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን መቻል የሚችል ወይም የሚደግፈው ዘመድ ያለው ኤርትራዊ ስደተኛ ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ እንዲኖር መንግሥት ስለ ፈቀደ፣ ከተከራዮቹ መካከል ከመረብ ማዶ የመጡት እየበረከቱ ሄዱና ዛሬ ጀሞ ሚካኤል በሚለው የታክሲ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ትግርኛ ሳይሰማ ተራው አይደርስም።

ይህን ለመጻፍ መነሻ የሆኑኝ በእኔው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር የምንተያይ አንዲት እናት ናቸው። አደይ እንላቸዋለን፤ ከአሥመራ የመጡት መንገዱ ተከፍቶ በነበረበት በ2011 ዓ.ም. ዓይናቸውን ሊታከሙ ሲሆን፣ ታክመው ሳይጨርሱ መንገዱ ከኋላቸው ተዘጋ። የወለዱት አንድ ልጅ በወጣትነቱ ያለ መውጫ ፈቃድ ከአገሩ የወጣ፣ ብዙ ባሕርና ብዙ በረሃ ተሻግሮ ስዊድን የገባና ዛሬ የዚያ አገር ዜጋ የሆነ ነው፤ ወደ አሥመራ ሊገባ አይደፍርም፣ እርሳቸውም ወደ ስዊድን የሚያስገባ ወረቀት አላገኙም፤ ስለዚህ እናትና ልጅ የሚገናኙት ለሁለቱም አገራቸው ባልሆነችው በጀሞ ነው። ልጁ ሲመጣ ጀበናው ዝንጅብል ተጨምሮበት ይጣዳል፣ ሕምባሻው ይቆረሳል፣ የጎረቤት ልጆችም የስዊድን ቸኮላት ይደርሳቸዋል። ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ በየዕለቱ አንጻር የሚታሰበው ቅዱስ ስሙ የተጻፈበት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያሳተመው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ አደይ ልጃቸው የገባበትን ቀን በቀይ ስክሪብቶ ያከብቡና የሚወጣበትንም እንዲሁ ያከብባሉ።

የእኛ ወር፣ ጳጉሜን ሳይቆጠር፣ ምንጊዜም ሠላሳ ቀን ነው። ኤርትራዊቱ ቤተ ክርስቲያንም የምትቆጥረው በዚሁ ስለ ሆነ፣ ለቱሪስት የሚሰጠው የሠላሳ ቀን ቪዛ ለአደይ የባዕድ ቁጥር ሳይሆን አንድ ሙሉ የቅዱሳን ዙር ሆኖ ይታያቸዋል፤ በ12 በሚካኤል የገባ ሰው ሠላሳኛው ቀን የሚሞላው በሚቀጥለው ወር በ11 በሐና ነው። «ሚካኤል ያመጣልኛል፣ ሐና ትወስድብኛለች» ብለው ሲያጫውቱኝ ስቄ ነበር፤ ሐና እመቤታችንን በስተርጅና የወለደች፣ ልጇንም ገና በሦስት ዓመቷ ለቤተ መቅደስ የሰጠች እናት መሆኗ ትዝ ያለኝ ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቀድሞው ዘመን እንመለስ፤ ይህች አገር እንግዳን በቀን ቆጥራ መሸኘት የጀመረችው ትናንት ነውና። ጥንት የነገሥታቱ ጭንቀት እንግዳው ሳይወጣ እንዳይቀር ሳይሆን እንዳይወጣ ነበረ። የፖርቱጋል ንጉሥ የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በዐፄ እስክንድር ዘመን ገብቶ ልሰናበት ባለ ጊዜ ፈቃድ አጣ፤ ነገር ግን ርስት ተሰጠው፣ ሚስት ተዳረለት፣ ከመኳንንቱ ጋር ተቆጠረ፣ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላም በ1513 ዓ.ም. በሮድሪጎ ደ ሊማ የተመራው የመልእክተኞች ጓድ ከቄሱ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲደርስ፣ ያ ሰው ሸምግሎ ልጆች ወልዶ ተገኘና የአገሩን ሰዎች ሲያይ እንባውን አፈሰሰ። አብሮአቸው አልተመለሰም፤ አጥንቱም እዚሁ ቀረ። የቬኔሲያው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን እንዲሁ አርባ ዓመት ያህል በአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል እየሣለ ኖሮ እነ አልቫሬዝ በአካል አግኝተውታል። መልእክተኞቹ ራሳቸው የመሰናበቻ ፈቃድና መርከብ እየጠበቁ ስድስት ዓመት ከረሙ።

በእነዚህ ሁሉ መካከል ለያዝሁት ነገር ይበልጥ የሚስማማ የሚመስለኝ የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ነው። ጎንደር ከገባ በኋላ ወደ አገሩ ለመመለስ ደጅ ሲጠና ኖሮ፣ እርሱ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ጤናው ሲመለስ ከወገኖቹ ጋር ተመልሶ እንዲመጣ ቃል ካስገቡት በኋላ በ1764 ዓ.ም. አሰናበቱት፤ እርሱም ቃሉን አልጠበቀም። እንግዲህ በዚያን ዘመን የመውጫው ዋጋ የመመለስ ቃል ነበረ ማለት ነው፤ ዛሬ ቦሌ ላይ ሲገባ የመመለሻ ትኬቱን አሳይ የሚባለው መንገደኛ ብሩስን ቢያገኘው ብዙ የሚያወጉት ነበራቸው።

ፓስፖርት የሚባለው ነገር ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ። የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲወጣ በ18ኛው አንቀጹ የባዕድ ዜግነት የተቀበለ የቀድሞ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ተመልሶ ሊኖር ቢያመለክት ዜግነቱን ምንጊዜም መልሶ ለማግኘት በር ከፍቶለት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ የሚሄደው በጣት የሚቆጠር፣ ሄዶም የሚመለስ ስለ ነበረ ደግነቱ ብዙ አላስከፈለም። በደርግ ዘመን ዜጋው ራሱ ያለ መውጫ ቪዛ ድንበር የማያልፍ ሆነ፤ በዚያ መከራ አገር ጥሎ የወጣው ትውልድም በአሜሪካና በአውሮፓ ዜግነት ወስዶ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እናት አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ በተወለደበት ከተማ በቱሪስት ቪዛ እየገባ፣ ቀኑ ሲያልቅ እያስቀጠለ፣ ማስቀጠሉ ሲያልቅም ወጥቶ እየተመለሰ ኖረ። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የሚያስገኘው ይህ አዋጅ፣ ሕዝቡ በቀለሙ ቢጫ ካርድ ያለውን ወረቀት ለያዘ ሰው ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖርን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ሰጠው፤ መምረጥንና መመረጥን፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠርን ግን ከለከለው።

አዋጁ ግን ትርጓሜውን ሲጀምር አንድ ወገን ከበሩ ውጭ አስቀርቷል፤ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን አጥቶ ኤርትራዊ ዜግነት ያገኘ ሰው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ተብሎ አይቆጠርም። የወጣበት ጊዜ ሲታሰብ ይህ የሚያስገርም አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ሁለት የሆኑት አገሮች በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦር ተማዝዘው ነበር፤ በዚያ ጦርነት ወራት 75,000 ያህል እንደሚደርሱ የሚገመቱ ኤርትራዊ ወይም የኤርትራ ተወላጅ የተባሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ቤት ንብረታቸውን ትተው ተባርረዋል። ካሣንቺስ የተወለደ፣ አማርኛው ከእኔ አማርኛ የሚጠራ፣ ዛሬ የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ሰው አውቃለሁ፤ ጀሞ ያለች እኅቱን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ቅጹ ላይ የመምጫ ምክንያት ተብሎ ሲጠየቅ ጉብኝት ብሎ ይሞላል። ምን ሊጎበኝ እንደሚመጣ ብጠይቀው ያደገበትን ሰፈር ሊያይ ሄዶ ፈርሶ እንዳገኘው ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ያ የማይታመን ዓመት መጣ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ የሰላም መግለጫ ተፈረመ፤ ስልክ ተከፈተ፤ ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ አሥመራ አረፈ፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሳይሆን በአዲስ ዓመት ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዛላምበሳና የቡሬ በሮች ተከፈቱ። ለጥቂት ወራት ቪዛም፣ ኬላም፣ የቀን ገደብም የሌለበት መንገድ ሆነ፤ ሰው የሚሻገረው የጥንቱ ነጋዴና ተሳላሚ እንደሚሻገር ነበረ። ዓመቱ ሳያልቅ የምድሩ በሮች ተራ በተራ ተዘጉ፤ የአውሮፕላኑም በረራ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቆመ። በዚያች አጭር ጊዜ የተሻገሩት እናቶችና አባቶች በጀሞ፣ በጎፋና በሌሎች ሰፈሮች ቤት ተከራይተው ሲቀመጡ፣ ከስቶክሆልም፣ ከፍራንክፈርት፣ ከቶሮንቶ የሚመጡ ልጆቻቸው ደግሞ የሠላሳና የዘጠና ቀን እንግዶች ሆኑ። ሠርጉ እዚህ ይደገሳል፣ ክርስትናው እዚህ ይነሣል፣ ለቅሶም ቢሆን እዚህ ይለቀሳል፤ በአንድ ሠርግ ላይ ሙሽራውም ሙሽራዪቱም፣ ሚዜዎቹም ጭምር በቱሪስት ቪዛ የገቡ መሆናቸውን ስሰማ፣ ለካ ለጎብኚ የምናሳየው ላሊበላን ብቻ አይደለም ብያለሁ።

የአገባቡን ነገር በአጭሩ ልናገር። በ2009 ዓ.ም. ቪዛ በኢንተርኔት መጠየቅ ከተጀመረ ወዲህ ሰው በስልኩ ቅጹን ሞልቶ፣ በካርዱ ከፍሎ፣ በቦሌ ይገባል፤ የቱሪስቱ ቪዛ ለአንድ መግቢያ ብቻ ስለሚሰጥ ግን ወጥቶ የሚመለስ ሁሉ እንደ አዲስ ይከፍላል። መቆየት የፈለገ ቀኑ ሳይሞላ ኢሚግሬሽን ሄዶ እንዲቀጠልለት ያመለክታል፤ ጡረታ የወጣውና ጊዜ የተረፈው ደግሞ ናይሮቢ ደርሶ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል። ቀኑን ያሳለፈ ሰው በየዕለቱ የተቆጠረበትን ቅጣት በዶላር ሳይከፍል የመውጫ ማኅተም አያገኝም፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የረሳ ሰው ዕዳው በርክቶ እንደዚያ ፖርቱጋላዊ መውጫ አጥቶ ሊቀመጥ ይችላል፣ ርስቱና ሚስቱ ግን የሉም። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። የሸንገን አገሮች በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ እያሉ ቀንን ከቀን ይደምራሉ፤ በዱባይ በጉብኝት ቪዛ ሥራ ይፈልጉ የነበሩ ሰዎች ለዓመታት ወደ ኢራኗ ኪሽ ደሴት እየበረሩ አዲስ ቪዛ እስኪወጣላቸው በርካሽ ሆቴል ይጠብቁ ነበር። ከጀሞ ቡቲኮች ውስጥ የተሰቀለው ልብስም ቢሆን እኅቶቻችን በአጭር ቪዛ ዱባይና ኢስታንቡል ተመላልሰው በሻንጣ ያመጡት ነው፤ ነገደ የሚለው ግሥ በእነርሱ ዘንድ እስከ ዛሬ ከነሙሉ ትርጉሙ ይኖራል።

መንግሥት ማን እንደ ገባና መቼ እንደሚወጣ ማወቁን አልነቅፍም፤ በጎብኚ ስም ገብቶ ያለ ፈቃድ የሚሠራ፣ ግብር የማይከፍልም ብዙ አለ፣ እርሱን ሕግ ይጠይቀው። ነገር ግን ዘመድ ጠያቂን ከሀገር ጎብኚ ለይቶ የሚያይ፣ እናቱ በዚህች ከተማ በመታወቂያ የምትኖርን ሰው እንደ እናቱ ልጅ የሚቀበል አንድ አንቀጽ ለማርቀቅ ብዙ ቀለም የሚፈልግ አይመስለኝም፤ የ1922ቱ ሕግ አርቃቂዎች ከዚህ የሚከብደውን ችለውታል።

አደይ የዘንድሮውን መቁጠሪያ ገና መስከረም ሳይጠባ ገዝተው ሰቅለዋል። ልጃቸው ኅዳር 12 ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ይገባል፤ ታኅሣሥ 11 ቀን ይወጣል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው።