የንድፍ ደብተርና የለንደን ሌሊቶች

ከመካከላችን በትምህርት ሰዓት የደብተሩን ጠርዝ በሰው ፊት ንድፍ ያልሞላ ማን አለ? ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ጨዋታ እንቆጥረዋለን። «ሥዕል ማለት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው፤ ንድፍማ ጭረት ነው» የሚል ጓደኛም አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴንም ከታሪክ ላምጣ።

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 ጀምሮ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት በሌሊት ይደበድቧት ጀመር። መንግሥት በመጀመሪያ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች መጠለያ እንዳይሆኑ ከልክሎ ነበር። ሕዝቡ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቲኬት እየቆረጠ ይገባና እዚያው ያድራል!

በዚያው ሰሞን ቀራፂው ሄንሪ ሙር አንድ ማታ ከባለቤቱ ጋር በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህንን አየ። ወንዱ ሴቱ፣ ልጁ አዛውንቱ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ሙር የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነው። በ1917ም ወታደር ሆኖ በመርዝ ጋዝ ተጎድቷል። ስለዚህ ያየው መከራ እንግዳ ትርኢት አልሆነበትም።

እዚያው ቁጭ ብሎ ሣላቸው እንዳትሉ! የተኛ ሰው ራስጌ ቆሞ እርሳስ ማውጣት ሳይጠሩ ሰው ጓዳ እንደ መግባት ሆነበት። ስለዚህ በዝግታ እየተዘዋወረ ያያል፤ ሲያስፈልገው ጥግ ይዞ ጥቂት ቃላት ይጽፋል፤ በማግሥቱ ከትዝታው በትንሽ የንድፍ ደብተር ላይ ይሥላል።

እንግዲህ የደብተሩ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ባየው ነገርና በሣለው ነገር መካከል አንድ ሌሊት አለ። በዚያ ሌሊት ትርፉ ይረግፍና ዋናው ይቀራል፦ የተከፈተ አፍ፣ የተንጠለጠለ ክንድ፣ ሁለት ሰው የሸፈነ አንድ ብርድ ልብስ። በአንዱ ገጽ ላይ በርካታ ትናንሽ ንድፎችን ይደረድራል፣ አጠገባቸውም ማስታወሻ ይጽፋል። በሰም እርሳስ ጭሮ ጥቁር የውሃ ቀለም ሲያለብሰው፣ ሰም ውሃ ስለማይቀበል የተኙት ሰዎች ከጨለማው ውስጥ ብቅ ይላሉ። ይህንን ዘዴ ደብተሩ ላይ ደጋግሞ ሠርቶበታል። የተሳካውን መርጦ በትልቅ ወረቀት ላይ ያሳድገዋል።

ንድፎቹን ያየው ኬኔዝ ክላርክ፣ የጦርነት ሠዓሊዎችን የሚያሠራው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ሙርን አግባብቶ በይፋ እንዲሠራ አደረገው። በ1941 ካለቁት ሥዕሎች አንዱ ሥራው ያልተጠናቀቀ የባቡር ዋሻን ያሳያል። ሰዎች በግራና በቀኝ ተኝተው ሁለት ረድፍ ሠርተዋል፤ ረድፎቹ እያነሱ እያነሱ ሄደው ጨለማው ይውጣቸዋል። የማንንም ፊት ለይቶ «እገሌ ነው» ማለት አይቻልም።

«ታዲያ ሰውየው የት ገባ? የከተማው ድሃ ስምና መልክ አጥቶ ጌጥ ሆነ ማለት ነው?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሙር የተኛውን ሰው ገመና ጠበቀለት እንጂ አልሰረቀውም። በመጀመሪያው ሌሊት እጁን የያዘው እፍረት ደብተሩ ውስጥ ተብላልቶ የሥዕሉ ቅርጽ ሆነ። በቀጥታ ወደ ትልቁ ወረቀት ቢሮጥ ኖሮ ይህንን የሚያገኝ አይመስለኝም።

ከደብተሮቹ የመጀመሪያው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ትንሽ ነገር ነው፤ እኛ ከምንይዘው ደብተር ብዙም አይበልጥ። እናንተ ጓደኞቼ፣ የሰው ችግር ዓይናችሁን ሲይዘው እርሳሱን ለማውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በደንብ እዩ፤ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ነገ ደብተራችሁን ክፈቱ። ያልረሳችሁት ነገር ካለ፣ ሥዕሉ ያ ነው።