የአባቶቹን ዜማ በጽሑፍ ያዳነ ሰው

ሰው ከአባቱ የወረሰውን ሀብት በሁለት መንገድ ያጠፋዋል። አንደኛው በመናቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እጅግ ከመሳሳት የተነሣ ለማንም ሳያካፍል ቈልፎ በመያዝ ነው። የናቀው በአደባባይ ይጥለዋል፤ የቈለፈውም ይዞት ወደ መቃብር ይወርዳል። በእነዚህ በሁለቱ ጥፋቶች መካከል ቆሞ ሦስተኛውን መንገድ የመረጠ አንድ የቱርክ ሊቅ ነበረ፤ ስሙም ራኡፍ ዬክታ ቤይ ይባላል።

ራኡፍ ዬክታ በ1871 ዓ. ም. በኢስታንቡል ከተማ ተወለደ፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ገና በወጣትነቱ በሱልጣኑ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ገብቶ በጸሐፊነት ብዙ ዘመን አገለገለ። እንጀራው የጽሕፈት ሥራ ነበረ፤ ልቡ ግን ከዜማ ጋር ነበረ። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ተማረ፤ ዜማንም በዚያ ዘመን እጅግ ከታወቀው መምህር ከዘካኢ ዴዴ ዘንድ አጠና።

በዚያ አገር የዜማ ትምህርት የቃል ትምህርት ነበረ። መምህሩ አንዱን ሐረግ ያዜማል፤ ተማሪውም ጉልበቱን በእጁ እየመታ ምቱን ጠብቆ ይቀበላል፤ እስኪዋሐደውም ድረስ ይደጋግመዋል። እንዲህ ያለው ትምህርት መምህርንና ተማሪን እንደ አባትና ልጅ ያስተሳስራል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ሊቁ ሲሞት፥ ለተማሪ ያላስተላለፈው ዜማ ሁሉ አብሮት መሞቱ ነው። ራኡፍ ዬክታ ይህን አይቶ በማዘን ብቻ አልቀረም። የአውሮፓን የኖታ አጻጻፍ ወሰደ፤ ለቱርክ ዜማ የሚያስፈልጉትንም ምልክቶች ጨመረበት፤ በዚህም የአባቶቹን ዜማ ይጽፍ ጀመር።

የባዕድን መሣሪያ ቢይዝም ለባዕድ ሚዛን አልተገዛም። የአውሮፓው ፒያኖ ከአንዱ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ድረስ ያለውን ርቀት በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል። ራኡፍ ዬክታ ግን የጥንት ሊቃውንትን መጻሕፍት መርምሮ፥ የአገሩ ዜማ 24 እኩል ያልሆኑ ደረጃዎች እንዳሉት በሒሳብ አስረዳ። ይህም ጥናቱ በፈረንሳይኛ ተጽፎ በ1922 በፓሪስ፥ ላቪኛክ በጀመረው ታላቅ የሙዚቃ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ታተመ። በ1932 በካይሮ በተደረገው የአረብ ሙዚቃ ጉባኤም ተገኝቶ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሊቃውንት ጋር ተመካከረ።

የፈተናው ቀን ግን ከካይሮው ጉባኤ አስቀድሞ መጥቶ ነበር። ራኡፍ ዬክታ በ1917 ኢስታንቡል ላይ በተቋቋመው ዳሩልኤልሃን በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በ1923 የቱርክ ሪፐብሊክ ሲመሠረት፥ ብዙዎች መሠልጠን ማለት አሮጌውን መጣል መሰላቸው። ስመ ጥሩው ጸሐፊ ዚያ ጎካልፕ እንኳ የምሥራቁን ሙዚቃ የታመመና የሕዝብ ያልሆነ ብሎ ነቀፈው። በ1926 በዚያ ትምህርት ቤት የቱርክ ሙዚቃ ማስተማር ተከለከለ።

አስተማሪ የሆነ ሰው ይህ ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ ያውቀዋል። የዕድሜ ልክ ትምህርቱ በ55 ዓመቱ ከንቱ ነው ተባለበት። ቂም ይዞ ከቤቱ ቢቀመጥ ማንም ባልፈረደበት ነበር። እሱ ግን የማስተማሩ በር ሲዘጋ በቀረችው ጠባብ በር ገባ። የጥንቱን ዜማ ሰብስቦ ለመጻፍ ከተቋቋመው ቡድን ጋር፥ ማለት ከአሊ ሪፋት ቻጋታይና ከመምህሩ ከዘካኢ ዴዴ ልጅ ከአህመድ ኢርሶይ ጋር ተቀመጠ። ኢርሶይ ከአባቱ በቃል የተቀበለውን ያዜማል፤ ጓደኞቹም እየመረመሩ ይጽፋሉ። በዚህ ትጋት ሊጠፋ የነበረ ብዙ ዜማ በኅትመት ተረፈ።

በኅዳር 1934 የቱርክ ሙዚቃ ከራዲዮ እንኳ ታገደ። ራኡፍ ዬክታ እገዳው ሳይነሣ በጥር 1935 ዐረፈ። የድካሙን ፍሬ በዓይኑ አላየም። ነገር ግን የራዲዮው እገዳ በ1936 ተነሣ፤ በ1975ም በዚያችው በኢስታንቡል ለቱርክ ሙዚቃ የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የሙዚቃ ሒሳቡንም ቢሆን የሥራ ባልንጀሮቹ አሬልና ኤዝጊ በሌላ መንገድ አስተካክለውት፥ ትምህርት ቤቶች ይበልጡን የእነሱን ተከተሉ። የጻፈው ዜማ ግን ለሁሉም መማሪያ ሆነ። የሰው ሐሳብ በሌላ ሐሳብ ይተካል፤ ከጥፋት የዳነ ቅርስ ግን ለወዳጅም ለተቃዋሚም ይጠቅማል።

አንባቢ ሆይ፤ ከባዕድ መማር ውርደት አይደለም፤ የሚያዋርደው በተማሩት ትምህርት የገዛ አባትን መናቅ ነው። ከሽማግሌዎችህ አንደበት የምታውቀው መልካም ነገር ካለ ዛሬውኑ ጻፈው። የሚያደንቀው ሰው እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ምናልባት እሱ የሚመጣው አንተ ካለፍህ በኋላ ይሆናል፤ በመጣ ጊዜ ግን ባዶ ቤት እንዳያገኝ።