ሰይቼንቶ፣ ሃይብሪድና የጋይንት ዳገት

መስከረም 1860 ማለቂያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ይዘው ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ፣ መንገድ እየተቆፈረለትና በሰው ክንድ እየተጎተተ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት። የዚያ አገር ዳገት ለእያንዳንዷ ኪሎ ዋጋ ያስከፍላል። ያኔ የሚከፈለው በጉልበት ነበር፤ ዛሬ በነዳጅ ነው።

ትንንሾቹ የድሮ መኪኖች ይህን ዋጋ የቀነሱት በቅለታቸው ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ፊያት ሰይቼንቶ ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ፣ ክብደቷም 600 ኪሎ ገደማ ነበር። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 6 ሊትር አካባቢ ይበቃታል። ሌላ ብልሃት የላትም።

ቆጣቢ መሆኗ ግን ባለታክሲውን አላዳነውም። በ1966 የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ 50 በመቶ ያህል ጨመረ። የካቲት ላይ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ አድማውም ለአብዮቱ መቀጣጠል አንዱ ምክንያት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የዓለም መኪና ሠሪዎች ነዳጅ መቆጠብን አጥብቀው ያዙ። ታኅሣሥ 1990 ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። ፕሪየስ የሰይቼንቶን እጥፍ ይመዝናል፤ ግን ለ100 ኪሎ ሜትር የሚወስደው ከ5 ሊትር በታች ነው። እንዴት? መኪናው ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ በሙቀት ይባክን የነበረው ጉልበት ወደ ባትሪ ይመለሳል። ትርፉ ጎልቶ የሚታየው ቆም ሄድ በሚበዛበት ከተማ ነው።

ከወረታ ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣስ? ከፍታው ከ1000 ሜትር በላይ ይጨምራል። 1000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ፣ የአግድሙ ጉዞ ሳይቆጠር፣ ሰይቼንቶ ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ስታቃጥል ከባዱ ሃይብሪድ ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። መልሱ ላይ ሃይብሪዱ ቁልቁለቱን ይሰበስባል፤ ነገር ግን ትንሿ ባትሪው ጥቂት መቶ ሜትር ከፍታ እንደወረደ ትሞላለች። የቀረው ይባክናል። ስለዚህ እዚህ መንገድ ላይ የአሮጌዋና የአዲሱ ልዩነት ከተማ ውስጥ እንደሚወራው አይሰፋም።

የኢትዮጵያ ሕግ ግን መኪናን የለካው በዕድሜው ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተነገረ። ሃይብሪድ በስፋት ሳይሞከር ታለፈ።

ውሳኔው ምክንያት አለው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ መብራቱ ከራሳችን ወንዝ ይመነጫል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪም ትልቅ ስለሆነ ከነፋስ መውጫ ሲወርድ ከሃይብሪዱ የበለጠ ይሰበስባል። ግን ቻርጅ ማድረጊያ ይፈልጋል፤ ሃይብሪዱ አይፈልግም።

ከዋናው አስፋልት ወደ ደቡብ ለሚገቡት ስማዳና እስቴ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ቴዎድሮስ መድፉን ከማስጎተታቸው በፊት መንገዱን አስቆፈሩለት። ዛሬም ከመኪናው በፊት መቅደም ያለበት ቻርጅ ማድረጊያው ነው።