የሚት ገምር ባንክ ምን ያስተምረናል?

በትንሽ ከተማ የሚኖር ሰው ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ያጠራቀማትን ገንዘብ አደራ የሚሰጥበት ቤት ቢፈልግ ወዴት ይሂድ? ወለድን አላህ (ሱ.ወ.) እርም ማድረጉን የሚያውቅ ሙእሚን ከባንክ ደጃፍ ሲደርስ እግሩ ይከብደዋል። በሣጥን ቢያስቀምጠው ደግሞ ሌባና እሳት ያሰጉታል፤ ገንዘቡም ለራሱ ሆነ ለጎረቤቱ ሳይሠራ ይቀራል። ይህ ጭንቀት የኛ ብቻ አልነበረም።

ሚት ገምር በግብጽ አገር፣ ከካይሮ በስተሰሜን፣ በዓባይ ዴልታ የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 ዶክተር አሕመድ አን-ነጃር በዚች ከተማ አንድ የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። እኚህ ሰው በጀርመን አገር የተማሩ ሲሆን፣ በዚያ በየከተማው ያሉት የቁጠባ ባንኮች የሠራተኛውንና የገበሬውን ሳንቲም ሰብስበው ለዚያው አካባቢ ሥራ ሲያውሉት ተመልክተዋል። ከጀርመኖቹ አደረጃጀቱን ወሰዱ፤ ወለዱን ግን ተዉት።

የወቅቱ መንግሥት በሃይማኖት ስም የሚቋቋመውን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከት ስለነበር ባንኩ «እስላማዊ» የሚል ስም አልያዘም። አሠራሩ በሦስት የተከፈለ ነበር። አንደኛው የቁጠባ ሂሳብ ነው፤ ወለድ አይታሰብበትም፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ያወጣዋል፤ ለሥራ ሲቸግረውም ያለ ወለድ መበደር ይችላል። ሁለተኛው ትርፍና ኪሳራን በመካፈል ለሥራ የሚውል ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ከዘካ የሚሰበሰብና ለችግረኞች የሚሰጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 17,560 የነበሩት አስቀማጮች በአራተኛው ዓመት 251,152 ደረሱ፤ ቅርንጫፎቹም ዘጠኝ ሆኑ።

ይህን ሁሉ ሰው የሳበው ምንድን ነው? ወለድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እንደሚመስለኝ፣ አስቀማጩ ገንዘቡ በገዛ ከተማው ሲሠራ በዓይኑ ማየት በመቻሉ ነው። ተበዳሪውም የተረከበው የጎረቤቱን አደራ ነውና መካድ ያሳፍረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ባንኩ በመንግሥት ባንኮች ሥር ተጠቃለለ። ዘሩ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያው በግብጽ ናስር ሶሻል ባንክ፣ በ1975 ደግሞ ዱባይ እስላማዊ ባንክ ተቋቋሙ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2021 ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ።

ውድ አንባቢያን! እንግዲህ በየከተማችሁ ባንክ ስትመርጡ በበሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትዩ። ሚት ገምር ስሙን ሳይይዝ ሥራውን ሠርቷልና፣ ሥራው የሌለበት ስም ደግሞ ምንም አይጠቅምም። ገብታችሁ ጠይቁ፦ ገንዘቤ በምን ሥራ ላይ ይውላል? ትርፉ ከየት ይመጣል? የኪሳራው ሸክም በማን ላይ ይወድቃል? ለከተማዬ ድኻስ ምን ይተርፈዋል? መልሱን በግልጽ የሚነግራችሁ ቤት አደራችሁን ሊረከብ ይገባዋል። አላህ በሐላሉ ያብቃቃን፤ ኣሚን።