የራያ ቆላ በሌላ ሰው ዐይን፦ የሥዕል ትምህርት ከ8ኛ ክፍል ለምን አያልፍም?

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም ከቆቦ ሜዳ ቀና ብለው ሲያዩ ከአላማጣ በላይ፣ ተራራው ላይ ያለችው ከተማ ናት፤ ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። በመጠለያው ከተሰበሰቡት መካከል ቆላውን ጥለው ሽቅብ የወጡ የራያ ገበሬዎች ነበሩበት። ከዚያ 11 ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 1966፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም አሳይቶ ነበር። ያ ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን የታየው ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው።

ሁለቱም ጊዜ አገሬው ተመልካች አልነበረም፤ ተመልካች የነበረው እንግዳ ነው፣ አገሬው የሚታይ ብቻ። የራያ ሰው ፊት በዓለም ቴሌቪዥን ዞረ፤ ያንን ፊት የሣለ የራያ ልጅ ግን ስሙ አይጠራም። ተሰጥኦ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ሚዶው ራሱ መልስ ይሰጣል። የራያ ጎረምሳ ፀጉሩ ላይ የሚሰካውን ሚዶ ከእንጨት ፈልፍሎ የሚያስጌጥ እጅ፣ ለነሐሴው ሶለል የልጃገረዶችን ሹሩባ የሚሠራ እጅ፣ እርሳስ ቢይዝ የሚያቅተው አይመስልም።

የተማረ እጅ ምን እንደሚሠራ አንድ ማሳያ አለ። ረሃቡ በጸናበት ዘመን፣ 1966 ዓ.ም. ገደማ፣ ወጣቱ ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ የረሃቡን ሰለባዎች በትልቅ ሸራ ላይ ሣለ። እሸቱ የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው። ካሜራው ሰውን አንድ በአንድ ሲያነሳ፣ እሱ በአንድ ሸራ ላይ የሚጓዝ ሕዝብ አሳየ። እርዳታ አልለመነም፤ መሰከረ።

ያንን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚሣልበት ቤተሰብ ወጥተው አሜሪካ ቺካጎ ድረስ ሄደው ተማሩ፤ ሲመለሱም ወጣቶችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን አስተምረውበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃሎ ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል። ለአገር ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ከቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ያህል መራቁ ብቻ አይደለም፤ ከሱ በታች ያለው ደረጃ የለም። መሰላሉ ላይኛው እርከን ብቻ ተሠርቶለታል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥዕልን ጨርሶ አልዘነጋም። በታችኛው አንደኛ ደረጃ ‹ሥነ ውበት› የሚባል ትምህርት ነበር፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ደግሞ ሥዕል ለብቻው። ግን የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ አይመጣም። የማይፈተን ትምህርት ምን እንደሚደርስበት ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፦ መምህሩ የሌላ ትምህርት መምህር ነው፣ ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል፣ ተማሪው ባንዲራና ጎጆ ቤት ሥሎ ከ10 ስምንት ያገኛል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ እሱም ይቀራል። በመሰናዶ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚያገኘው ቴክኒካል ድሮዊንግ ነበር፤ እሱም የማስመሪያና የኮምፓስ ሥራ ነው እንጂ የዐይን አይደለም።

እዚህ ላይ ‹ልጆቹ መጀመሪያ ዳቦ ይብሉ› የሚል መልስ ይመጣል። የቆቦን ገበሬ ማየት ይበቃል። ጅጉርቲን ከደጋሊት፣ ደጋሊትን ከአቦላ የሚለየው በማሽላው ራስ ቅርጽና በፍሬው ቀለም ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያሠለጠነው ዐይን አለው። ልጁ ያንን ራስ በእርሳስ ቢሥል ባዮሎጂም ይማራል፣ የአባቱንም ዕውቀት በወረቀት ያስቀራል። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ቆቦ ላይ ማሽላ የሚመራመርበት ጣቢያ አለው፤ ለሥዕል ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ሞዴል የት ይገኛል?

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥዕልን ከሙዚቃና ከቴአትር ጋር በአንድ አስሮ ‹የክወናና ዕይታ ጥበባት› ብሎታል። ስሙ አድጓል። ሦስቱንም የሚችል መምህር ግን ለቆቦ ገጠር ከየት እንደሚመጣ መጽሐፉ አይናገርም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተመላለሰው ጦርነት የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ሳይቀር አጥተዋል፤ ቀለምና ብሩሽ የሚጠይቅ ርዕሰ መምህር ቢገኝ ቀልደኛ ይባላል። ልጆቹ ግን ያዩትን አይተዋል። በዚያ ጊዜ የሆነውንም እስካሁን በብዛት የምናየው በእንግዳ ካሜራና በስልክ ቪዲዮ ነው።

በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግን አንድ ልጅ አይጠፋም። የትምህርት መርጃ ሲፈለግ ይጠራል፤ ግድግዳው ላይ የሰው ልብ፣ የኢትዮጵያ ካርታና የምግብ ሰንሰለት ሥሎ፣ በሥሩ የክበቡን ስም ይጽፋል። የራሱን ስም እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። 12ኛን ሲጨርስ የደረሰውን ትምህርት ክፍል ይይዛል፣ ወይም ማሽላው ዘንድ ይመለሳል፤ የሣለው ልብ ቀለሙ እስኪለቅ ግድግዳው ላይ ይቆያል።