ቀላል ግብር ለማን? ከአሥራት እስከ ደመወዝ ግብር

እናቴ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ሻማ የምትሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በተባለው ጊዜ ሁለት ወጣቶች ወረቀት ይዘው መጡ። «እማማ፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?» አሏት። «እንደ ቀኑ ነው ልጆቼ» አለቻቸው። መደርደሪያውን አየት አየት አድርገው የሆነ ነገር ጻፉና ሄዱ።

ክረምት ላይ ውጤቱ ተነገራት። በቀን ትሸጣለች የተባለው ገንዘብ ለፋሲካ ዋዜማ እንኳ ሸጣ የማታውቀው ነበር። እናቴ ግብር አልከፍልም የምትል ሴት አይደለችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በምን አስልተው ነው?» መልስ የሰጣት ግን አልነበረም። በዚያው ሐምሌ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ነጋዴዎች በግምቱ ተቆጥተው ሱቅ መዝጋታቸውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

አሁን አሁን ስለ ግብር በተወራ ቁጥር «ሥርዓቱን ማቅለል» የሚል ቃል እንሰማለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ግብርን ማቅለል በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ መንግሥታት ደጋግመው አቅልለውታል። ታሪኩን ስናየው ግን ብዙውን ጊዜ የቀለለው ለሰብሳቢው ነው፤ ሠርቶ ለሚያድረው ቤተሰብ አይደለም።

ከአሥራት እንጀምር። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ አሥራት እንዲከፈል ሲያዙ፣ አንዱ ዓላማ ወታደር በገበሬው ቤት እየሰፈረ ጎተራውን እንዳያራቁት ነበር። ወታደር ከማስተናገድ ይልቅ ከአሥር አንድ መስጠት። ከዚህ የቀለለ ስሌት የለም፤ ልጅም ይገባዋል። ችግሩ «አሥሩ ስንት ነው?» የሚለው ላይ ነው። ሰብሉን የሚገምተው የሹሙ ሰው ነው። ገማቹ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል ካለ አለ ነው፤ ገበሬው ለማን አቤት ይላል? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ትልቅ ማቅለል የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በዓይነትና በጉልበት ይከፈል የነበረውን ብዙ ዓይነት ግብር በገንዘብ በሚከፈል የመሬት ግብር ተካው። መሬት በሦስት ተመደበ፦ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ። በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራቱ ራሱ በተወሰነ የገንዘብ መጠን ተተመነ። በወረቀት ላይ ካየነው ድንቅ ነው። ከፋዩ ገማች ሳይመጣበት ዕዳውን ያውቃል።

መሬቱን የሚያርሰው ጭሰኛ ግን ከዚህ ብዙም አልተጠቀመም። በደቡብና በመሃል አገር ብዙ ባለርስቶች ለመንግሥት የሚከፍሉት የተቆረጠ ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ ከጭሰኛቸው ግን አሥራቱን እንደ ድሮው በእህል ይወስዱ ነበር። የእህሉ ዋጋ ከሚከፈለው ብር ሲበልጥ ትርፉ የባለርስቱ ነው። ሕጉ የቀለለው ስሙ መዝገብ ላይ ላለ ሰው ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት፣ በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር በመሬት ግብሩ ላይ ተደረቡ። ዓላማቸውን ማንም አይጠላም። ነገር ግን አንድ የነበረው ሒሳብ ተመልሶ ብዙ ሆነ።

ሦስተኛው ሙከራ በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው። አሥራት ቀርቶ ገበሬው ባገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል የሚያደርግ ሕግ ነበር። በሐሳብ ደረጃ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለና ፍትሐዊ ነው። ጎጃም ላይ ግን ዐመፅ አስነሳ። ለምን? ገቢውን ለማወቅ ገማች መምጣቱ አይቀርም። የጎጃም ገበሬ ደግሞ ግምቱ የመሬት ልኬታ መግቢያ፣ ልኬታውም ርስቱን ማጫ ይሆናል ብሎ ሰጋ። ቀላድ በደቡብ ያደረገውን ሰምቷል። በአስተዳደሩ ላይም የቆየ ብሶት ነበረው። መንግሥት ጦር ላከ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በጎ የተባለ ሕግ ሕዝቡ «በምን አስልታችሁ ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚታመን መልስ ስላላገኘ ወደቀ።

የ1967ቱ አብዮታዊ አዋጅ ባለርስትና ጭሰኛ የሚባለውን ነገር አስቀረ። ዛሬ በከተማ የብዙ ቤተሰብ ግብር ከደመወዝ የሚቆረጠው ነው። ደመወዝተኛ ላይ ገማች አይመጣም፤ ብሩ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ከሁሉ የቀለለ ግብር ይመስላል። እስቲ ቁጥሩን እንየው።

በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 150 ብር ነበር። ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ5,000 ብር በላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ነፃው 600፣ የከፍተኛው መነሻ 10,900 ሆነ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ ነፃው 2,000፣ የከፍተኛው መነሻ 14,000 ብር ሆኗል። ማሻሻያው ሰውን አልጠቀመም አልልም። 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በፊት 2,045 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 1,650 ነው።

ነገር ግን መሰላሉን ልብ በሉ። በ1994 ከፍተኛው ተመን የሚጀምረው ነፃ ከሆነው ገንዘብ 33 እጥፍ ላይ ነበር። በ2008 ወደ 18 እጥፍ ወረደ። ዛሬ 7 እጥፍ ብቻ ነው። ያኔ የባለጸጋ ደመወዝ የነበረው ተመን ዛሬ ልጅ የሚያስተምር ተራ ባለሙያ ይደርስበታል። በማሻሻያዎቹ መካከል ባለፉት ዓመታትም ዋጋ ሲንር ወለሉ ባለበት ቆሞ ነበር። ማንም ተመኑን ሳይጨምር ግብሩ ራሱ ይጨምራል። ይህም ድምፅ የሌለው ገማች ነው።

ሌላም አለ። ሕጋችን ደመወዙን እንጂ ቤተሰቡን አያይም። በወር 14,000 ብር የምታገኝና ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናትን አስቡ። 2,850 ብር ይቆረጥባታል። ጎረቤቷ ያሉ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 7,000 ብር ያገኛሉ። ከሁለቱ የሚቆረጠው በድምሩ 1,800 ብር ነው። የሁለቱ ቤት ገቢ እኩል ነው፤ የአንዷ እናት ቤት ግን በየወሩ 1,050 ብር ይበልጥ ይከፍላል። ልጅ የሌለው ወንደላጤም በዚያው ደመወዝ ከእሷ እኩል ነው የሚከፍለው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀላል የሆነው ግን ስለ ልጆቹ ስለማይጠይቅ ነው።

«የልጅ ቅናሽ ካስገባን ሕጉ ተመልሶ ይወሳሰባል፣ ለማጭበርበርም በር ይከፍታል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ዝርዝር ደረሰኝና ማስረጃ የሚጠይቅ ቅናሽ የሚጠቅመው ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር የሚችለውን ነው። እኔ የምለው ግን ለአንድ ልጅ አንድ የታወቀ የብር መጠን ከግብሩ ላይ ይቀነስ ነው። የልደት ምዝገባ አለ፤ የፋይዳ መታወቂያም እየተስፋፋ ነው። ልጅን አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር ከባድ ሥራ አይደለም። ሁለተኛ፣ ነፃው ወለልና መሰላሉ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር በሕግ ይስተካከሉ፤ ዘጠኝና አሥራ አራት ዓመት ምሕረት አንጠብቅ። ሦስተኛ፣ ግምት የግድ የሚሆንበት አነስተኛ ነጋዴ ስሌቱ በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ ይሰጠው፤ አቤቱታውንም ግምቱን ያወጣው ሰው ሳይሆን ሌላ አካል ይየው።

መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል። መንገዱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ የመምህሩ ደመወዝ ከዚሁ ነው የሚወጣው። ሰውም መክፈልን አይጠላም፤ አሥራት የከፈሉ፣ በዕድርና በዕቁብ አንድ ቀን ሳያሳልፉ ያዋጡ ወላጆች ልጆች ነን። ዕድር ላይ ማንም የማያኮርፈው መዋጮው ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

እናቴ ሱቋን ከዘጋች ቆይታለች። ያንን ወረቀት ግን እስካሁን አልጣለችውም፤ ከልጆቿ የትምህርት ቤት ካርድ ጋር በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ለምን እንደማትጥለው ስጠይቃት «ምናልባት አንድ ቀን የሚያስረዳኝ ከተገኘ ብዬ ነው» ትላለች።