በኪሎ ሊሸጥ የነበረው ፍሬም

ሐረር ፔጆ 404 ታክሲን ለዐሥርተ ዓመታት በሕይወት ያቆየች ከተማ ናት። ልብስ ሰፊዎች ከሲንጀር ጋር የሚውሉበትን መንገድ እንኳ "መኪና ግርግር" ብላ ሰይማዋለች። አሮጌ ብስክሌት ግን በኪሎ ይሸጣል። ባለፈው ክረምት ሸዋ በር አካባቢ አንድ የእሽቅድድም ብስክሌት ፍሬም ሚዛን ላይ ሊወጣ ሲል ደርሼ ገዛሁት። ሻጩ "በጣሊያን ጊዜ የመጣ ነው" አለኝ። እኔም ማመን ፈልጌ ነበር።

ባለ አንድ ማርሽ ላደርገው መሆኑን ስናገር ጓደኞቼ "የፈረንጅ ፋሽን" ብለው ሳቁ። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው። ቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መቀየሪያን በይፋ የፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ የተለያየ ጥርስ ነበረው፤ ጋላቢው ተራራ ሥር ሲደርስ ይወርድና ጎማውን ገልብጦ ያስራል። ጣሊያን ሐረር የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ፈቃዱ የመጣው በዓመቱ ማለት ነው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከሐረር ወጣ፤ ቃላቱ ግን ጥገና ቤት ቀሩ። ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ። ጎሚስታው ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል፤ ማንም አልነገረውም እንጂ። (ስለ ባቡሩ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ብስክሌት ግን እምብዛም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከ12ቱ ተወዳዳሪዎች አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት!)

ወደ ፍሬሙ ልመለስ። ቀለሙን ከመፋቄ በፊት የኋላውን ሹካ ስፋት ለካሁ፤ 126 ሚሊሜትር። ይህ ስፋት በእሽቅድድም ብስክሌት ላይ የተለመደው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የኋላው ጥርስ ስድስትና ሰባት ሲደርስ ነው። የጣሊያን ጊዜ ያልኩት ለካ የደርግ ዘመን ኖሯል። ቅር አለኝ፤ አልዋሽም።

ጠጋኙ የማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርበትን ጭራ በግራይንደር ቁረጠው አለኝ፤ "ለምን ይንጠለጠላል?" እምቢ አልኩ። የፍሬሙን ዕድሜ ከሚናገሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ከተቆረጠ ደግሞ ማርሹን መመለስ የፈለገ ሰው ይቸገራል። መቁረጥም መበየድም አያስፈልግም። የጎማው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ አግድም ስለሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ካቴናውን ማጥበቅ ይቻላል። ያገኘሁት ጎማ ለ120 ሚሊሜትር የተሠራ ነው፤ ግራና ቀኝ የሦስት ሦስት ሚሊሜትር ሮንዴላ ጨመርኩበት።

ከፊት 42፣ ከኋላ 20 ጥርስ አድርጌበታለሁ። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ወደ 4.4 ሜትር ይሄዳል። ለከተማው ይበቃል። ሐኪም ጋራ ላይ ግን አይበቃም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ወርጄ እገፋለሁ፤ የሚገለበጥ ጎማ እንኳ የለኝም።